የጓሳ ድርሻና የገብስ ብድር

(ይህ ንግግር የማኅበራችን አባሎችና መምህራን ለጥናት ወደ መንዝ በወጡ ጊዜ፤ ጓሳ ላይ ማታ በእሳት ዙሪያ ተቀምጠው ሳለ ከአራተኛ ዓመት የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች አንዱ ያደረገው ነው። በዚያ ላልነበሩት አንባቢዎቻችን ይጠቅማል ብለን ስላመንን ከነአነጋገሩ አትመነዋል። — አዘጋጆቹ)




ስለ አክሲዮንና ስለ ቦንድ ንግግር እንዳደርግ ከማኅበሩ ጸሐፊ በታዘዝሁ ጊዜ፤ ከመጻሕፍት ያገኘሁትን ሁሉ በደብተሬ ሞልቼ ነበር የመጣሁት። ነገር ግን ትናንት ማታ እናንተ እዚህ ስታድሩ እኔ ከአጎቴ ቤት አደርሁና፤ ዛሬ ደብተሩን ከሻንጣዬ ሳላወጣው ቀረሁ። ምክንያቱን ብነግራችሁ የንግግሬ መግቢያ ይሆነኛል።

እንደምታውቁት እኔ የዚሁ የመንዝ ልጅ ነኝ። አጎቴ ገብስ የሚያርሱ፣ በግ የሚያረቡ ገበሬ ናቸው። ራት ከተበላ በኋላ ከሣጥናቸው ውስጥ በፌስታል የተጠቀለለ አንድ ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ። ወረቀቱ ደረሰኝ ነው። ከአሥር ዓመት በፊት በአንድ የገበያ ቀን ከከተማ የመጡ ሰዎች «በምሥረታ ላይ ያለ አክሲዮን ማኅበር ነን» ብለው ሰበሰቧቸው። «ገንዘባችሁን ብታስገቡ በየዓመቱ ከመቶው ሠላሳ ብር ይታሰብላችኋል» ቢሏቸው፤ አጎቴ ሰባት በጎች ሸጠው ከፈሉ። ማኅበሩ ሳይመሠረት ቀረ። ቢሮ የተባለውም ቦታ ተዘግቶ ተገኘ። ደረሰኙ ግን እስከ ዛሬ ከሣጥኑ አልወጣም።

ከዚያም አጎቴ እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ፤ «ልጄ፤ አንተ ተምረሃል። አሁን ደግሞ መንግሥት ራሱ የስልኩን መሥሪያ ቤት አክሲዮን ሸጠ ሲሉ ሰማሁ። እስቲ ንገረኝ፤ ይህ አክሲዮን የሚሉት ነገር እንደ ጓሳችን ድርሻ ነው ወይስ እንደ ገብስ ብድር?»

እውነቱን ለመናገር በአንድ ቃል ልመልስላቸው አልቻልሁም። «ጋሼ፤ ነገ ማታ እነግርዎታለሁ» ብያቸው ተኛሁ። እንግዲህ ዛሬ በእናንተ ፊት የምናገረው፤ ወደ አጎቴ ቤት ከመመለሴ በፊት መልሱን የምለማመድበት ነው። ስሳሳት አርሙኝ።

የአጎቴ ጥያቄ ከደብተሬ ይልቅ ነገሩን አስተካክሎ የያዘ ነው። የመንዝ ሰው ባንክ ሳያውቅ በፊት ሀብቱን በሁለት መንገድ ያሠራው ነበር። አንደኛው ርቢ ነው። በግ ኖሮት እረኛ ያጣ ሰው እናቲቱን ለጎረቤቱ ለርቢ ይሰጣል፤ የተወለደውን ግልገል ይካፈላሉ። መንታ ብትወልድ ለሁለቱም ደስታ ነው። ብትመክን ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። በሽታ ቢገድላት የባለበጉ ዕዳ ነው፤ ጎረቤቱን «በጌን ክፈለኝ» ሊለው አይችልም። ሁለተኛው ብድር ነው። ጎተራው የተሟጠጠበት ሰው ገብስ ይበደርና አዝመራ ሲደርስ ከነጭማሪው ይመልሳል። ማሳውን ውርጭ ቢመታው እንኳ ዕዳው ዕዳ ነው። በአንጻሩም ማሳው ሞልቶ ቢፈስ፤ አበዳሪው ከተነጋገሩት በላይ አንዲት ፍሬ አይጠይቅም።

አክሲዮን የመጀመሪያው ነው፤ ቦንድ ሁለተኛው ነው። አክሲዮን የገዛ ሰው የሥራው ባለቤት ይሆናል፤ ትርፉንም ኪሳራውንም ይካፈላል። ቦንድ የገዛ ሰው አበዳሪ ይሆናል፤ የተወሰነ ወለድና በተወሰነ ቀን የሚመለስ ዋና ገንዘብ ይጠብቃል። ይህን ልዩነት በልቡ የያዘ ሰው የቀረውን ሁሉ ቀስ በቀስ ይደርስበታል። የአጎቴንም ደረሰኝ በዚህ ሚዛን ብናየው ውሸቱ ወዲያው ይገለጣል። ሻጮቹ አክሲዮን ብለው ሸጡላቸው፤ የቃል ኪዳኑ አነጋገር ግን የብድር ነበር። በጉን ለርቢ ወስዶ «በየዓመቱ ሁለት ሁለት ግልገል ሳላጓድል እሰጥሃለሁ» የሚል ጎረቤት ካለ፤ ወይ በግ አያውቅም፤ ወይ ሊያታልል መጥቷል። በአክሲዮን ላይ አስቀድሞ የተቈረጠ ትርፍ ተስፋ የሚሰጥ ሰውም እንደዚሁ ነው።

አሁን አክሲዮንን በቍጥር እንየው። አንድ ማኅበር 1,000,000 ብር ካፒታል አስፈልጎት በ10,000 አክሲዮን ቢከፍለው፤ አንዱ አክሲዮን 100 ብር ነው። እናንተ 50 አክሲዮን በ5,000 ብር ገዛችሁ እንበል። ከማኅበሩ ከሁለት መቶው እጅ አንዱ የእናንተ ነው ማለት ነው። በዓመቱ መጨረሻ ግብር ተከፍሎ 200,000 ብር ትርፍ ቢገኝ፤ ጠቅላላ ጉባኤው ተሰብስቦ «ግማሹ ይከፋፈል፤ ግማሹ ለሥራ ይቀመጥ» ብሎ ሊወስን ይችላል። ያን ጊዜ በያንዳንዱ አክሲዮን 10 ብር፤ ለእናንተ 500 ብር ይደርሳል። የተቀመጠውም 100,000 ብር አልጠፋም፤ በማኅበሩ ውስጥ ሆኖ የአክሲዮናችሁን ዋጋ ያሳድጋል። ማኅበሩ ቢከስር ደግሞ ከ5,000 ብራችሁ በላይ ማንም አይጠይቃችሁም። ኀላፊነታችሁ በያዛችሁት አክሲዮን ልክ የተወሰነ ነው። በግ ለርቢ የሰጠ ሰው በጉን ቢያጣ ነው እንጂ፤ በጎረቤቱ ዕዳ ቤቱ አይሸጥበትም።

ባለአክሲዮን ከትርፍ ሌላ ሁለት መብት አለው። አንደኛው ድምፅ መስጠት ነው፤ የዲሬክተሮች ቦርድ ይመርጣል፤ ኦዲተር ይሾማል፤ ሒሳብ ሲቀርብለት ያጸድቃል ወይም ይጥላል። ሁለተኛው አክሲዮኑን ለሌላ ሰው መሸጥ ነው። ብዙዎቻችን ትርፉን እናስታውሳለን፤ ሽያጩን እንመኛለን፤ ድምፁን ግን እንረሳለን። እኔ ዛሬ ልናገር የምፈልገው ዋና ነገር ስለዚሁ ስለተረሳው ድምፅ ነው። ለዚህም ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገኝም፤ ምስክሩ የተቀመጥንበት ሣር ነው።

ይህ ጓሳ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚጀምር ደጋ ነው። ስሙን ያገኘው ከሣሩ ነው። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለፍራሽና ለዝናብ መከላከያ ገሣ ይሆናል። በድርቅ ዓመት ደግሞ ለከብቱ የመጨረሻ መሸሸጊያ ነው። አባቶቻችን ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ይጠብቁት ነበር። አስቦና ጌራ ከተባሉት ሁለት አቅኚ አባቶች የሚወለድ ሁሉ በሣሩ ላይ ድርሻ ነበረው። ባለድርሻዎቹ አባ ቄራ የሚባል አለቃ ይመርጣሉ። እርሱም ጓሳውን ሦስት ዓመትና ከዚያም በላይ ይዘጋዋል፤ የሰረቀ ይቀጣል። ሣሩ በበቃ ጊዜ ሽማግሌዎች ይማከሩና የሚከፈትበት ቀን በቤተ ክርስቲያን፣ በገበያና በለቅሶ ቦታ ለሕዝብ ይነገራል። በተባለው ቀን ሁሉም ማጭዱን ይዞ ይወጣል። ክረምት ሲገባ እንደገና ይዘጋል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ እኔ በመጽሐፍ ስለ አክሲዮን ማኅበር ያነበብሁት ሁሉ በዚህ ውስጥ አለ። አባ ቄራ ቦርድ ነው። የሚዘጋባቸው ዓመታት፤ ትርፉ ሳይከፋፈል ለሥራ የሚቀመጥባቸው ዓመታት ናቸው። የመክፈቻው ቀን የትርፍ ድርሻ የሚከፈልበት ቀን ነው። በገበያና በቤተ ክርስቲያን መነገሩ፤ ዛሬ ሕግ «መረጃን ለሁሉም እኩል ግለጹ» የሚለው ነው። አንዱ ቀድሞ ሰምቶ ማታ አጭዶ እንዳያድር ማለት ነው። ልዩነቱ አንድ ነው፤ የጓሳ ድርሻ በዘር የሚወረስ እንጂ የሚሸጥ አልነበረም። አክሲዮን ግን ይሸጣል። ገበያ የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው።

አሁን አንድ የሚያስገርም መገጣጠም ልንገራችሁ። በአገራችን የአክሲዮን ነገር አዲስ አይደለም። በ1898 ዓ.ም. የተከፈተው የአቢሲኒያ ባንክ በአክሲዮን የቆመ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ የአክሲዮን ማኅበርን አቋም በዝርዝር ደነገገ። ቢያንስ አምስት አባሎች፤ ቢያንስ 50,000 ብር ካፒታል፤ ከምዝገባውም በፊት ቢያንስ የአክሲዮኑ ዋጋ ሩብ ተከፍሎ በባንክ በማኅበሩ ስም እንዲቀመጥ አዘዘ። በ1950ዎቹ መጨረሻም በአዲስ አበባ አክሲዮን የሚሸጥበትና የሚገዛበት አንድ ቡድን በብሔራዊ ባንክ አነሣሽነት ተቋቁሞ ይሠራ ነበር። ከዚያም 1967 ዓ.ም. መጣ። ታኅሣሥ 23 ቀን ባንኮችና ኢንሹራንሶች ተወረሱ። ጥር 26 ቀን ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ተወረሱ። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት ሁሉ የመንግሥት ሆነ፤ በዘር የሚገኘው የጓሳ ድርሻም ከዚሁ ጋራ ቀረ። በሁለት ወር ጊዜ ውስጥ የአዲስ አበባው ባለአክሲዮንና የመንዙ ባለድርሻ አብረው ባለቤትነታቸውን አጡ ማለት ነው።

የአዋጁን ዓላማ ለመመርመር አልቆምሁም፤ በጊዜው ጭሰኛው መሬት በማግኘቱ ደስ ብሎታል፤ ደስታውም እውነተኛ ነበረ። በጓሳ የሆነውን ግን ሽማግሌዎቹ ሁሉ በአንድ ቃል ይናገሩታል። «የሁሉም ነው» በተባለ ጊዜ ጠባቂ ጠፋ። ሣሩ ሳይበቃ ታጨደ፤ ከብቱ በየወቅቱ ገባ፤ የቀይ ቀበሮና የጭላዳ መኖሪያ ጠበበ። ሣሩ ያለቀው ባለቤት በመብዛቱ አይደለም፤ ቀድሞም ባለድርሻው ብዙ ነበረ። ያለቀው ባለድርሻው የሚመርጠውና የሚጠይቀው አባ ቄራ ባለመኖሩ ነው። በኋላ ሕዝቡ በየቀበሌው ተመካክሮ በኮሚቴ መጠበቅ ጀመረ፤ ክልሉም የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ መሆኑን በሕግ ዐወቀለት። ዛሬ ጠዋት በሣሩ መካከል ሲሮጥ ያያችሁት ቀይ ቀበሮ የዚያ ምክር ፍሬ ነው።

በከተማውም አክሲዮን እንደገና በቀለ። የግል ባንክ ከተፈቀደ በኋላ፤ በ1987 ዓ.ም. አዋሽ ባንክ በ486 ባለአክሲዮኖችና በ24.2 ሚሊዮን ብር የተከፈለ ካፒታል ተቋቋመ። ሌሎችም ባንኮችና ኢንሹራንሶች ተከተሉ፤ ከእነርሱ አክሲዮን የገዙ ብዙ ሰዎች ተጠቅመዋል። ነገር ግን የዚያ ትርፍ ወሬ ሲሰማ፤ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ «በምሥረታ ላይ» የሚል ሰሌዳ የሰቀሉ ማኅበሮች በዙ። ከእነዚህም መካከል ጥቂት የማይባሉት ገንዘብ ሰብስበው ሳይቆሙ ቀሩ። የአጎቴ ሰባት በጎች የሄዱት በዚያን ጊዜ ነው። ሕጉ «ገንዘቡ በባንክ በማኅበሩ ስም ይቀመጥ» ያለው ለዚሁ ነበር። አጎቴ ግን ገንዘቡን የሰጡት በእጅ ነው። ገዢው ሕጉን ካላወቀ፤ ሕጉ በመጽሐፍ ታስሮ ይቀራል።

መንግሥት በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግና የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248 አወጣ። የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣንም በዚሁ አዋጅ ተቋቋመ። አጎቴ የሰሙት የስልክ መሥሪያ ቤት ኢትዮ ቴሌኮም ከጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ከመቶ አሥር እጅ ድርሻውን፤ ይኸውም 100 ሚሊዮን አክሲዮን፤ በቴሌብር ለኢትዮጵያውያን ለሽያጭ አቀረበ። የአንዱ ዋጋ 300 ብር ነበር። አንድ ሰው የሚገዛው ቢያንስ 33 አክሲዮን፤ ማለት በ9,900 ብር፤ ቢበዛ 3,333 አክሲዮን፤ ማለት በ999,900 ብር ነበር። ሽያጩ የካቲት 7 ቀን ሲዘጋ ወደ 47,000 የሚጠጋ ሰው 10.7 ሚሊዮን ያህል አክሲዮን በ3.2 ቢሊዮን ብር ገዝቶ ተገኘ። በዚህ መካከል ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ ወጋገን ባንክም ቀድሞ የተመዘገበው ድርጅት ሆነ። በ1967 የተቋረጠው የአክሲዮን ገበያ ከ50 ዓመት በኋላ ተመለሰ ማለት ነው።

ከዚህ ቍጥር አንድ ነገር እንድታስተውሉ እለምናችኋለሁ። ለሽያጭ ከቀረበው የተሸጠው ከአሥር አንድ እጅ ያህል ነው፤ ከጠቅላላው ድርጅት ደግሞ ከመቶ አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በጠቅላላ ጉባኤ ላይ እነዚያ 47,000 ሰዎች አንድ ሆነው እጃቸውን ቢያነሡ እንኳ በድምፅ አያሸንፉም። ይህ አክሲዮኑን ክፉ አያደርገውም፤ የትርፍ ድርሻው ያው ነው። ነገር ግን ትንሽ ድርሻ ያለው ሰው ዋና መሣሪያው ጥያቄ መሆኑን ያሳያል። ሒሳቡ ይገለጥ፤ ኦዲተሩ ይናገር፤ ለምን ይህ ሆነ ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ለአንድ አክሲዮን ባለቤትም ይህ መብት አለው።

አሁን ወደ ቦንድ ልመለስ። ቦንድ የዕዳ ሰነድ ነው። አውጪው መንግሥት ወይም ድርጅት «ይህን ያህል ተበድሬአለሁ፤ በየዓመቱ ይህን ያህል ወለድ እከፍላለሁ፤ በዚህ ቀን ዋናውን እመልሳለሁ» ብሎ ይፈርምበታል። ድርጅቱ በፈረሰ ጊዜ ባለቦንዱ ከባለአክሲዮኑ በፊት ይከፈለዋል። ባለአክሲዮን የሚደርሰው ከሁሉ በኋላ የተረፈ ከተገኘ ነው። መያዣ ያለበት ቦንድም አለ። ይህን አባቶቻችን ያውቁታል፤ በወለድ አገድ ጊዜ አበዳሪው መሬቱን ይዞ ፍሬውን በወለድ ፈንታ ይበላ ነበር፤ ዋናው ሲመለስ መሬቱን ይለቅ ነበር።

እኛ ኢትዮጵያውያን ቦንድ የሚለውን ቃል በይበልጥ የለመድነው በታላቁ የሕዳሴ ግድብ ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ከተጣለ በኋላ ሠራተኛው የወር ደመወዙን፣ ነጋዴው ከትርፉ፣ ገበሬው ከአዝመራው ቦንድ ገዛ። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ግድቡ ተመረቀ። በዚህ የማይኮራ የለም። ሆኖም የኢኮኖሚ ተማሪ እንደመሆናችን ኩራቱን ከሒሳቡ ለይተን ማየት አለብን። የወለዱ ልክ ከመቶ አሥር በታች ነበር። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረት በዓመት ከመቶ 30 በላይ ደርሶ ነበር። በዚያ ዓመት ወለዱን የተቀበለ ሰው የብሩ ቍጥር ጨምሯል፤ በብሩ የሚገዛው ጤፍ ግን ቀንሷል። ስለ አገር ፍቅር የሰጠ ሰው አውቆ ሰጥቷል፤ የተመሰገነ ነው። ለልጁ ማሳደጊያ ብሎ ያስቀመጠ ሰው ግን ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይገባው ነበር። በብድር ላይ የሚመጣ ትልቁ ሌባ ሳይታይ የሚገባው የዋጋ ንረት ነው። ገብስ ያበደረ ገበሬ ገብስ ስለሚመለስለት ይህ ሌባ አይነካውም፤ ብር ያበደረ ግን ብር ነው የሚመለስለት።

ሁለተኛው አደጋ ተበዳሪው ሳይከፍል መቅረቱ ነው። «መንግሥት አይከስርም» የሚል አነጋገር አለ። መንግሥታችን በ2007 ዓ.ም. በዓለም ገበያ 1 ቢሊዮን ዶላር በአሥር ዓመት ቦንድ ተበደረ፤ ወለዱም በዓመት 6.625 በመቶ ነበር። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. መከፈል የነበረበት የግማሽ ዓመት ወለድ 33 ሚሊዮን ዶላር ሳይከፈል ቀረ። መንግሥት በራሱ ብር ሲበደር አንድ ነገር ነው፤ በሰው አገር ገንዘብ ሲበደር ሌላ ነገር ነው።

ሦስተኛው፤ ቦንዱ ከቀኑ በፊት ቢሸጥ ዋጋው ይለዋወጣል። አንድ ዓመት የቀረው የ1,000 ብር ቦንድ 10 በመቶ ወለድ ቢኖረው፤ በዓመቱ መጨረሻ 1,100 ብር ይሰጣል። በመካከሉ አዲስ ቦንድ በ20 በመቶ ቢወጣ የድሮውን በ1,000 ብር የሚገዛ የለም፤ ዋጋው ወደ 917 ብር ይወርዳል። ምክንያቱም 917 ብር በ20 በመቶ ሲያድግ ያንኑ 1,100 ብር ያህል ይሆናል። ወለድ ሲወጣ የቆየ ቦንድ ዋጋ ይወርዳል፤ ወለድ ሲወርድ ዋጋው ይወጣል። ይህን አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ከኔ ይዛችሁ ብትሄዱ በፈተና ላይ ይጠቅማችኋል።

«እንግዲያስ የቱ ይሻላል?» ትሉኝ ይሆናል። የመንዝን ገበሬ ጠይቁት። ገብስ ይዘራል፤ ባቄላ ይዘራል፤ በግ ያረባል። በልግ ቢከዳው በጉ አለ፤ በጉን በሽታ ቢገባበት ጎተራው አለ። ሀብቱን ሁሉ በአንድ ማሳ የሚዘራ ገበሬ የለም። የአክሲዮንና የቦንድ ሰውም እንደዚሁ ነው። በሚመጣው ዓመት ለሚያስፈልገው ገንዘብ አክሲዮን አይገዛም፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ለሚያስፈልገው ገንዘብም ሁሉንም አያበድርም። የሚሠራበትን መሥሪያ ቤት አክሲዮን ብቻ የሚይዝ ሰውም ይጠንቀቅ፤ በ2001 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በአሜሪካ ኤንሮን የተባለው ኩባንያ ሲወድቅ ብዙ ሠራተኞች ደመወዛቸውንና የጡረታ ቁጠባቸውን አጥተዋል።

ወደ ሥራ ዓለም ልንወጣ ጥቂት ጊዜ የቀረን ተማሪዎች ነን። የመጀመሪያ ደመወዛችንን ስንቀበል አክሲዮን ግዙ የሚለን አይጠፋም። የዚያን ጊዜ አምስት ጥያቄ እንድትጠይቁ አደራ እላለሁ። ይህ ነገር ርቢ ነው ወይስ ብድር? ማኅበሩ ተመዝግቧልን፤ ለሕዝብ ለመሸጥስ ከባለሥልጣኑ ፈቃድ አለውን? ገንዘቤ የሚገባው በማን ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ነው? ኦዲተሩ ማን ነው፤ ያለፈውስ ሒሳብ የት አለ? መሸጥ ብፈልግ ለማን፤ የት፤ በምን ዋጋ እሸጣለሁ? ለእነዚህ ቀጥተኛ መልስ የማይሰጥ ሻጭ፤ ነጋዴ ቢመስልም እንኳ ገንዘባችሁን አትስጡት።

ከገዛችሁ በኋላ ደግሞ አትተኙ። የጠቅላላ ጉባኤ ጥሪ ሲመጣ ወረቀቱን ጥላችሁ ለማታውቁት ሰው ውክልና አትስጡ። ባለአክሲዮን ሁሉ ምሳ በልቶ የሚበተንበት ጉባኤ፤ አባ ቄራ የሌለው ጓሳ ነው። ሣሩ ለአንድ ዓመት ለሁለት ዓመት አረንጓዴ ይመስላል፤ በሦስተኛው ዓመት ግን ሥሩ ብቻ ይቀራል።

ነገ ጠዋት መኪናው ሳይነሣ በፊት፤ ማለት ዛሬ ማታ፤ ወደ አጎቴ ቤት እመለሳለሁ። የምመልስላቸው ይህ ነው። «ጋሼ፤ አክሲዮን እንደ ጓሳ ድርሻ ነው፤ ቦንድ እንደ ገብስ ብድር ነው። ያኔ የሸጡልዎ ግን ከሁለቱም አልነበረም። ድርሻ ቢሆን ኖሮ ሠላሳ በመቶ ብለው አይምሉልዎትም ነበር። ብድር ቢሆን ኖሮ ተበዳሪው በፊርማው ይጠየቅ ነበር።» በጎቹን ልመልስላቸው አልችልም። ደረሰኙን ግን ይዘን ወደ ሕግ መምህራችን እንድንሄድ፤ የሚጠየቅ ሰው እንዳለ እንድንመረምር እለምናቸዋለሁ። መምህራችን እዚህ በመካከላችን ስላሉ፤ በሁላችሁ ፊት እሺ እንዲሉኝ ብዬ ነው ይህን በመጨረሻ ያስቀረሁት።

 እሳቱ ሳይጠፋ ጥያቄያችሁን አምጡ።